ከሟቹ መሬት የወጣ ንፍሮ

የአገሬን ስም አልጠራም። ብጠራው አንዱ ተነስቶ «አውቀዋለሁ፣ አክስቴ እዚያ ናት» ይለኛል፤ ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ አክስቱ ይሆናል። እኔ ደግሞ ወሬዬን ሲነጥቁኝ አልወድም። የራሴን ስም ግን አልደብቅም። ይታክቱ እባላለሁ። በዚያ አገር አንዲት የመሬት አልቃሽ ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ ነኝ።

የመሬት አልቃሽ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ታድላችኋል። በእኛ ዘንድ መሬት ሲሞት እንደ ሰው ይለቀስለታል። ማሳው መሐል ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ነጠላውን ዘቅዝቆ ይቀመጣል፣ እኔ ቆሜ ሙሾ አወርዳለሁ። ሕጉ ቀላል ነው። የአልቃሽ እንባ አፈሩ ላይ ጠብ ሲል መሬቱ ሞተ ይባላል። ጠብ እስኪል ድረስ ግን በሽተኛ እንጂ ሬሳ አይደለም። አንዴ ከሞተ ማረሻ አይነካውም፣ ከእሱ የወጣ እህልም በሰው አፍ አይገባም። ባለቤቱ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ድንጋያማው ማዶ ይሰፍርና ድንጋይ ሲፈልጥ ይኖራል።

ጉራ አይሁንብኝና በሥራዬ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ዝም ብሎ «ዋይ ዋይ» ማለትማ ማንም ይችላል። እኔ መሬቱን በሙያው ነበር የማነሳው። የደገሰውን ሠርግ፣ ያበላውን እንግዳ፣ ያሳደገውን ልጅ እየጠራሁ ሳወርደው፣ ሊያዩኝ ብቻ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ይንሰቀሰቁ ነበር። ጎረቤቴ ደብሪቱ ማሳዋ ሞቶ ባለቀስኩለት ቀን፣ እንባዋን እየጠረገች «መሬቴ ይህን ያህል ደግ እንደነበር ዛሬ ገና ገባኝ» ብላኛለች። በማግስቱ ድንጋያማው ማዶ ተሻገረች።

የዛሬን አያድርገውና አፈራችን ጥቁር፣ ለም፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነበር። ሹማምንቱ ከሐይቁ ትልቅ ቦይ አስቆፍረው ውሃ አመጡልን። በእልልታ ተቀበልነው። ለውሃው መግቢያ ተበጀለት፣ መውጫ ግን አልተበጀለትም። ምነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ መውጫ የሚቆፍር ክፍል በመዋቅሩ ውስጥ የለም የሚል መልስ መጣ። ውሃው ከስር ገብቶ ተኛና ጨዉን ተሸክሞ ወደ ላይ ተነሳ። አንድ ማለዳ ስንወጣ ማሳው ውርጭ እንደመታው ነጥቶ አገኘነው። በመጀመሪያው ዓመት የቦይ ሹሙ መጥቶ አየና ንጣት የንጽሕና ምልክት ነው ብሎ ለሕዝቡ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። በሁለተኛው ዓመት ጉዳዩ እየታየ ነው አለ። በሦስተኛው ዓመት ሊቀ ቀማሽ ተሾመልን።

ሊቀ ቀማሽ ውድነህ ሥራቸው አፈር መቅመስ ነው። በብር ማንኪያ ቆንጠር ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በምላሳቸው ያገላብጡታል፣ ከዚያ «ጣፋጭ» ወይም «ጨው» ይላሉ። ቀምሰው የተናገሩት ቃል ፍርድ ነው፤ አይመለስም። «ጨው» ያሉት መሬት ድንኳን ይጠብቃል። ክፋቱ፣ ያን ሁሉ ጨዋማ አፈር ሲልሱ ከርመው ምላሳቸው ሞቶባቸዋል። ባለቤታቸው ለሴቶች እንደምታጫውተው፣ ወጡ ላይ ጨው ብትደፋበት እንኳ አልጫ ነው ብለው ይመልሱላታል። ይሄ ሰው ታዲያ በምን ይፈርዳል ትሉ ይሆናል። አንድ ጊዜ «ጣፋጭ» ያሉት ማሳ ምንም ሳያበቅል ቀርቶ ተወቅሰው ነበር። «ጨው» በማለታቸው ግን ማንም ወቅሷቸው አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም «ጨው» ይሉ ጀመር። ቀማሹን የሚቀምስ ሹም ስላልተመደበ ነገሩ በዚያው ጸና።

ተራው የእኔ ማሳ ሆነ። ከባለቤቴ ሞት በኋላ እኔንና ልጄን አስናቁን ያኖረን እሱ ነው። ሊቀ ቀማሽ ቆንጠር አድርገው አገላበጡና «ጨው» አሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን አልተሳሳቱም፤ ነጩን ነገር ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ነገር ግን በአገሩ ያለው የመሬት ድንኳን አንድ ብቻ ነው፣ የሚሞተው ማሳ ደግሞ ብዙ። ተራሽ የሚደርሰው ስንዴ በሚያሽትበት ወር ነው ተባልኩ። እስከዚያ መዝራት ይከለከል አይከለከል ማንም አላሰበበትም። ሞት የተፈረደበትን መሬት የሚዘራ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እኔም አልጠረጠርኩም። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ለራሴ መሬት የሚሆን ሙሾ መግጠም ጀመርኩ። ለሰው ሁሉ እንዲያ አልቅሼ ለራሴ ብሰንፍ ውርደት ነው ብዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳንጎራጉር፣ አስናቁ ከተማ ስለ ቅጠል የተማረችውን ትምህርት ጨርሳ ከነሻንጣዋ ደረሰች። ቆማ አዳመጠችኝ። ሙሾው ጥሩ ስለነበር ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ግን ተቆጣች።

«እማዬ፣ ሳይሞት ታለቅሺለታለሽ?»

ተፈርዶበታል አልኳት። ተፈረደበት እንጂ አልሞተም አለችኝ። ከአጥሩ ጥግ የቆመውን የሽፈራው ዛፍ እያሳየች ስታስረዳኝ ዋለች። የእኛ አገር ሰው ሽፈራውን ለጥላና ለፍየል ብቻ ነው የሚያውቀው። እሷ ግን ለጋ ቅጠሉ ተወቅጦ ሲጨመቅ ለዘር ብርታት ይሰጣል አለች። ጨዉን ከአፈር አያባርርም፤ ይህን ደጋግማ ነው የነገረችኝ። ቡቃያው ጨዉን ችሎ እንዲያድግ ያግዘዋል እንጂ። መድኃኒት ነው ወይ ስላት፣ ስንቅ ነው በይው አለችኝ፤ መንገዱ ክፉ ሲሆን ስንቅ የያዘና ያልያዘ እኩል አይሄድም። ይህቺን ነገሯን ወደድኳት። ከሙሾዬ ውስጥ ብትገባ ያምርባት ነበር።

ወቀጥን። ቅጠሉ በሙቀጫ ልሞ አረንጓዴ ሊጥ ሲመስል በሻሽ ጨመቅነው። እንግዲህ አስናቁ ጭማቂው በብዙ ውሃ ይቅጠን፣ አንድ ጣሳውን በሠላሳ ጣሳ ውሃ በጥብጪው ብላኝ ዘር ልትፈልግ ወጣች። እኔ ደግሞ ቀጭን ነገር አልወድም። አልቃሽ ነኝ፤ ለስለስ ያለ ሙሾ ማንንም አያስለቅስም። ሠላሳ ጣሳ ውሃ ውስጥ የገባ ምን ኃይል ይቀረዋል ብዬ ጭማቂውን እንደወረደ ደፋሁበትና ያለንን ዘር ግማሹን ዘፈዘፍኩ። ዘሩ እንኳን ሊበቅል አብጦ ጠቁሮ ሸተተ። አስናቁ መጥታ ስታይ አንዷን ፍሬ በጣቷ ጨፍልቃ አሸተተች። ኋላ፣ «እማዬ፣ ይሄ ለቅሶ አይደለም። ሲበዛ ይገድላል» አለች። ከዚያ ወዲያ በጥባጭዋ እሷ፣ ወቃጭዋ እኔ ሆንን።

የቀረውን ዘር በቀጭኑ ዘፍዝፈን አሳደርነው፣ ጥላ ላይ አሰጥተን አጠፈፍነው፣ ዘራነው። ከማሳው ዝቅ ብሎ ባለው በኩል ውሃው እንዲሾልክ ትንሽ ፈፋ ቆፈርን፤ መውጫ የሚቆፍር ክፍል የለም ስለተባለ ክፍሉ እኛ ሆንን። ቡቃያው ብቅ ሲል ደግሞ ከቀጭኑ ጭማቂ በመጥረጊያ እየነከርን ቅጠሉ ላይ ረጨንለት። መንገደኛው ቆሞ ይስቅብናል። «አልቃሿ ሬሳ ታጥባለች» ተባለ። ደብሪቱ ከማዶ ለገበያ ስትሻገር አየችንና «ለሞተ ሰው ሙቅ ታጠጫለሽ እንዴ፣ እህቴ?» አለችኝ። እኔም መሬቴ ገና በሽተኛ ነው፣ በሽተኛ ደግሞ ይጠየቃል፣ ባዶ እጅሽን ለምን መጣሽ አልኳት። ሳቀች። ሳትሄድ ግን ጎንበስ ብላ ቡቃያውን በጣቷ ነካችው።

አልዋሻችሁም፤ ስንዴው እንደ ድሮው አልሆነም። የድሮው ሰው ይደብቅ ነበር፣ ይሄኛው ከጉልበቴ ከፍ ቢል ነው። አንዳንዱ ቦታ መላጣ ቀርቷል። ግን ቆሟል! በነጩ አፈር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ዛላ አውጥቷል፣ ፍሬ ይዟል። በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ጭር ብሎ የእኔ ብቻ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሳይ ልቤ ደረቴ ውስጥ አልበቃ አለ። አስናቁን «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ቢያይሽ» አልኳት።

በዚህ መሐል ድንኳኑ ደረሰ።

ሊቀ ቀማሽ፣ የቦይ ሹሙ፣ ድንኳን ተካዮቹ፣ ከማዶ የተሻገሩት የቀድሞ ጎረቤቶቼ ሁሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ስንዴውን ሲያዩ ቆሙ። ድንኳን ተካዮቹ ካስማውን የት እንደሚተክሉ ጨነቃቸው። የቦይ ሹሙ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ስንዴ ነው አልኩት። ሊቀ ቀማሽ ግን አልተደናገጡም። ይህ ስንዴ አይደለም፣ የመሬቱ መንፈራገጥ ነው፤ ማንኛውም ነፍስ ሲወጣ ትንሽ ይንፈራገጣል፣ ቤተሰብ ሊጽናና ይገባል አሉ። ሕዝቡም አንገቱን ነቀነቀ። ድንኳኑ መላጣው ላይ ተተከለ። አስናቁ ማስረዳት ስትጀምር፣ ሐዘንተኛ ብዙ ባይናገር ይመረጣል ተብላ ተቀመጠች። ጉልበቷን አቅፋ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። አንዲት የእንባ ጠብታ ብታመልጠኝ በማግስቱ ድንጋይ ልትፈልጥ ነው፤ ያ ሁሉ ትምህርትና ያ ሁሉ ስንዴ ከእሷ ጋር።

«ወይዘሮ ይታክቱ፣ እንግዲህ ያልቅሱ» አሉኝ ሊቀ ቀማሽ።

ተነሳሁ። ሁሉም መሐረቡን አዘጋጀ፤ ለራሷ መሬት ስታለቅስማ እንዴት ታደርገው ይሆን ብሎ ለመስማት ከሩቅ የመጣም ነበር። ያ የገጠምኩት ሙሾ ጉሮሮዬ ላይ ነው፣ ግሩም ሙሾ ነው፣ እስከ ዛሬም ማንም አልሰማውም። ዋጥኩት።

«ይሄ መሬት ጨው በቅቶታል» አልኩ። «እንባዬን አልጨምርበትም።»

ጉምጉምታ ሆነ። አልቃሽ አላለቅስም ብላ ታውቃለች ወይ ተባለ። ታውቃለች የሚል አልተገኘም። ሕጉ ተመከረበትና እንባ እስኪወርድ ድንኳኑ አይነሳም፣ ከድንኳኑም የሚሄድ የለም ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ ሊያስለቅሱኝ ሞከሩ። የቦይ ሹሙ ረዳቶች አፍንጫዬ ስር ሽንኩርት ከተፉ፤ ከታፊዎቹ እየተነፋረቁ ወጡ፣ እኔ ደረቅ ነኝ። የባለቤቴን ደግነት እያነሱ ተረኩልኝ። እውነት ነው፣ ደግ ነበር አልኳቸው። በሙያ ማልቀስ የሚያውቅ ሰው በሙያ አለማልቀስንም እንደሚያውቅ አልገባቸውም። ዕድሜ ልኬን እንባዬን በፈለግኩበት ሰዓት ሳወርድ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሽንኩርት ነው የሚያዘኝ?

ቀኑ ረፈደ፣ ፀሐይ በረታች፣ ራብ መጣ። የለቅሶ ቤት ነውና ንፍሮ ይቅረብ ተባለ። በእኛ ልማድ ንፍሮ የሚያመጣው ጎረቤት እንጂ ሐዘንተኛ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በሁሉም ማሳ ላይ ተለቅሷል፣ ከየት ይምጣ እህል? ደብሪቱ ባዶ ድስት ታቅፋ ወደ እኔ መጣችና በጆሮዬ «አንቺዬ፣ ማዶ ያለኝ ድንጋይ ነው። ምኑን ልቀቅል?» አለችኝ። እኔም በዓይኔ ስንዴውን አሳየኋት። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ማጭድ አልጠየቀችኝም፤ በእጇ እየቀነጠበች፣ እያሸች፣ ከድንኳኑ ጀርባ እሳት አንድዳ ጣደችው። ጨው አደረገችበት፣ ሐዘኗን ሁሉ የደፋችበት ይመስል። ኋላ ስቀምሰው ምላስ ይጠብሳል።

ንፍሮው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ራብ ሲጠና የሹም ጥያቄ ይቀንሳል። ለሊቀ ቀማሽ እንደ ማዕረጋቸው በቅድሚያ ተዘገነላቸው። አንድ እፍኝ ቃሙ፣ ደገሙ። ያን ጊዜ ልማዳቸው አሸነፋቸው መሰለኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በምላሳቸው አገላበጡት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በፍርድ ድምፃቸው ተናገሩ።

«ጨው የሚባል አልነካውም።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች የንፍሮው ጨው አፋቸውን አኮማትሮታል፤ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ብድግ አልኩ።

«ሊቀ ቀማሽ፣ ቀምሰው የተናገሩት ቃል ይመለሳል?»

«አይመለስም» አሉ እያኘኩ።

«እንግዲያውስ ይሄ ያኘኩት ስንዴ ከዚሁ ማሳ የተቀነጠበ ነው።»

ማኘኩ ቆመ። ከሞተ መሬት የወጣ እህል በሰው አፍ አይገባም፤ ይሄው ገብቷል፣ ያውም በሊቀ ቀማሽ አፍ። ይትፉት እንዳይባል ደግሞ እፍኙ ወርዷል። ሞቷል ቢሉ ነውር በልተዋል፤ ጨው ነው ቢሉ ቃላቸውን አጥፈዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ ሲያቸፈችፍ እያየሁ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ትንሽ አዘንኩላቸው። በመጨረሻ የቀራቸውን ዋጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ።

«መሬቱ ጨው የለበትም» አሉ። «ድንኳኑ ይነሳ።»

የቦይ ሹሙም ወደ ኋላ መቅረት አልወደደምና፣ ጨው የለበትም የተባለ መሬት ጉድለቱ ሊሟላለት ስለሚገባ ከመጋዘን አንድ ጆንያ ጨው እንዲላክለት እዚያው አዘዘ። በእርግጥም ተላከ። ለመንደሩ አከፋፈልነው፤ የብዙ ቤት ወጥ ጣፍጦበታል።

ካስማዎቹ ተነቀሉ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ በበቅሎ ሲጫን፣ የቀድሞ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ እየመጡ አስናቁን ከበቧት። ቅጠሉ ለጋው ነው ወይስ የበሰለው? ውሃው ስንት ጣሳ ነው? ምን ያህል ይዘፈዘፋል? ልጄ መሐላቸው ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኗ በቅጠል አረንጓዴ እንደሆነ፣ ለያንዳንዱ ስትመልስ አየኋት። ይህን ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት አፉን አስከፍታ የምታስተምረው ያቺ የእኔ ልጅ ናት። ሽንኩርቱ ያላመጣው፣ የባሌ ደግነት ያላመጣው፣ ያ ነገር ከደረቴ ስር ተነሳ። ዓይኔ ሞላ።

አስናቁ ከመሐላቸው ሆና አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ እዚህ አይሆንም!»

እውነቷን ነው። ሕጉ የሚለው እንባ ነው፣ የደስታ ይሁን የሐዘን አልለየም። አንዲት ጠብታ መሬቴ ላይ ብታርፍ ገደልኩት ማለት ነው። አገጬን ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ ነጠላዬን ጉንጬ ላይ ጫን አድርጌ ድንበሩን ዘልዬ ደብሪቱ ማሳ ውስጥ ገባሁ። የእሷስ ሞቷል፣ እኔው ራሴ ነኝ ያለቀስኩለት፣ ምን ይጎዳዋል ብዬ ጎንበስ ልል ስል ደብሪቱ እየሮጠች መጥታ እጆቿን አገጬ ስር ዘረጋች። ወደ ታች ስመለከት አፈሩ ተቆፍሯል። ማረሻ አይንካው ተባለ እንጂ ዶማ አልተባለም አለችኝ፤ ሽፈራውንም ካየች ቆይታለች፣ ከገበያ ያመጣቻትን እፍኝ ዘር ለንፍሮ ሳትሰጥ ዘፍዝፋታለች።

ወደሚቀጥለው ማሳ ሄድኩ። እዚያም ከአስናቁ ዘንድ ሮጦ የቀደመኝ ባለቤቱ ቆሞ «ኧረ በሞቴ፣ ይታክቱ፣ እዚህ እንዳታፈሺው» አለኝ። ከዚያም ወዳለው ሄድኩ። በሄድኩበት ሁሉ አንድ ሰው ዶማውን ተደግፎ እጁን ያወናጭፍብኛል። ያን ሁሉ ዘመን በየማሳቸው አልቅሺልን እያሉ ሲለምኑኝ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እንባዬን በነጠላዬ ተቀብዬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ በመንገዱ መሐል ለመሐል ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በአገሩ የማለቅስበት ጋት መሬት አጣሁ፤ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።